የቅዳሜ እሸት

ደምለው የደወለው ረፋድ ላይ ነው። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ይቆራረጥ ስለነበር መጀመሪያ የሰማሁት «እቴ... እቴ... ይሰማሻል?» የሚለውን ብቻ ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ወደ ደጅ ወጣሁ። የእንጅባራ ሰው ስልክ ባነሳ ቁጥር ግቢውን ለምን እንደሚዞር የማያውቅ እንግዳ ቢያየን ሰፈሩ በሙሉ አብዷል ብሎ ይሄዳል። አጥሩ ጥግ ስደርስ ድምፁ ጠራልኝ። «አባቴ አረፉ» አለኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። የማስታውሰው ሰማዩ ጥርት ብሎ እንደነበር ነው። ገርሞኛል፤ አያ እንየው በጠራ ቀን የሚሞቱ ሰው አይመስሉኝም ነበር። እሳቸውን ሳስብ ሁልጊዜ ዙሪያቸው ጉም ነው። ከወገባቸው በታች ባቄላ፣ ከትከሻቸው በላይ ጉም፣ መሀል ላይ ያ አረንጓዴ ካፖርት። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ያን ሁሉ ቅዳሜ በእውነት ኖሬዋለሁ ወይስ አልሜዋለሁ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ልጄ ሜሮን ባትኖርና ባትመሰክርልኝ ኖሮ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር።

አያ እንየው ከእንጅባራ ወደ አዘና በሚወስደው መንገድ፣ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ወደ ጅረት የሚያዘቀዝቅ ማሳ የነበራቸው ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ ከልጃቸው ከደምለው ቤተሰብ ጋር ይኖሩ ነበር። ከተማችንን እንጅባራ ብለው ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም፤ «ቆሰበር» ነው የሚሏት። «እንጅባራ የቢሮ ስም ነው፤ ማኅተም ላይ ይጻፍ» ይሉ ነበር። ረጅም ነበሩ፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ወፍራምና ጥቁር ነበረች፤ የባቄላ እሸት በእሷ አንዴ ጫር ሲያደርጉ ፍሬው ራሱ ተፈልቅቆ ይወጣላቸዋል። ኩሩ ነበሩ፣ ቁጡም ነበሩ። ለልጆች ሲያወሩ ደግሞ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ይዋሹ ነበር። ጉም የሚመጣው ዘንገና ሐይቅ ሲያዛጋ ነው ብለው ለልጄ የነገሯት እሳቸው ናቸው። አስተማሪዋ ሌላ ነገር ብትነግራት ልጅት ክፍል ውስጥ ተከራክራ መጣች።

ያገኘናቸው በመፀው ነው። መስቀል አልፎ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ዝናቡ ልሂድ አልሂድ እያለ በሚያመነታበት ሰሞን። ባለቤቴ በሥራ ተዛውሮ እንጅባራ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። በእሁድ ከምናገኛቸው ከጉባኤያችን ሰዎች በቀር ደጃችንን የሚያንኳኳ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ቤቱ ሲጨንቀኝ «ዝም ብለን እንውጣ» አልኩና ባጃጅ ያዝን። ባጃጁ መንገድ ዳር አወረደን፤ ከዚያ በእግራችን ወዴት እንደምንሄድ ሳናውቅ ሄድን። ሜሮን ያን ጊዜ ገና ፊደል መቁጠር መጀመሯ ነው። አንድ የባቄላ ማሳ አጠገብ ስንደርስ እጇን ሰደድ አድርጋ አንድ እሸት ቀጠፈች።

«ኧረ ተይ! ተይ አንች ልጅ!» የሚል ጩኸት ከማሳው ውስጥ መጣ። ሰው አይታይም። ሜሮን እሸቱን ጥላ እግሬ ሥር ተሸጎጠች። ባቄላው ተንቀሳቀሰ፣ ካፖርቱ ብቅ አለ፣ ከዚያ ሰውየው።

«ከዳር ይቀጠፋል?» አሉ በቁጣ። «ከዳር ያለው ከብት የተነፈሰበት ነው። እናትና አባቷ ቆመው ልጅቱ ከዳር ትብላ? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

ባለቤቴ የከተማ ልጅ ነው፤ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶም የቢሮ ሰው መሆኑን አይረሳም። «ይቅርታ አባት፣ ልጅ ስለሆነች ነው፤ እንከፍላለን» አላቸው። አያ እንየው እሱን ትተው እኔን አዩኝ። «ይኼ ሰውዬ ከየት ነው የመጣ?» አሉኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እኔ ጎጃም ነው ያደግሁት። መንገደኛ ከማሳ ገብቶ እሸት ቢበላ ሌባ እንደማይባል፣ ሌባ የሚባለው ይዞ ከሄደ እንደሆነ ልጅ ሆኜም አውቃለሁ። ባለቤቴን በክርኔ ጎሸም አደረግሁትና ተከትያቸው ወደ መሀል ገባሁ። እዚያ ቆመን በላን። ጤዛው ጉልበታችን ድረስ አራሰን፣ ጉሙ መጥቶ መንገዱን ከኋላችን ዘጋው። እኔ ከዚያ ማሳ ውጪ ዓለም መኖሩንም ረሳሁ።

ልንሄድ ስንል አያ እንየው በርከክ አሉና ሜሮንን «ኪስሽን አሳይኝ» አሏት። አንድ እሸት ወጣ።

«ይኼስ?»

«ለአሻንጉሊቴ ነው» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

«የለም! ከዚህ ማሳ በሆድ እንጂ በኪስ አይወጣም። አሻንጉሊትሽ ከራባት ራሷ ትምጣ። ለቅዳሜ ይዘሻት ነይ።»

ሳምንቱን ሙሉ እረፍት ነሳችን። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሻንጉሊቷን አዝላ ሄደች። አያ እንየው አሻንጉሊቷን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ «እንደምን ሰነበትሽ» ብለው ሰላምታ ሰጧት፣ አንድ ፍሬ ባቄላ አፏ ላይ አስጠግተው ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ራሳቸው በሉትና «ለእኔ ተወችልኝ፤ ጨዋ ናት» አሉ። እኔ የተሸነፍኩት ያኔ ነው።

እኛ ለጉባኤያችን ሰዎች ነገርን፣ እነሱ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለቢሮ ጓደኛው። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ሲጠባ ቅዳሜ ከሰዓት ባጃጆች በዚያ መንገድ ተከታትለው ይሄዱ ጀመር። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ዘመድ ጥየቃ የመጣውም ልጁን ይዞ ይመጣል። ማንም ሰው ስም አላወጣለትም። መዝናኛ አልነበረም፣ በዓልም አልነበረም። «አያ እንየው ዘንድ ነን» ብቻ ነበር የምንባባለው።

ቅዳሜ የሆነበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። እሳቸው ቅዳሜን ያከብራሉ፤ አያርሱም፣ አያጭዱም። በእሳቸው ቤት ሕግ ቅዳሜ ዕለት ብረት መሬት አይነካም። እሸት መብላት ግን ሥራ አይደለም። ድንች ማውጣትስ ሲባሉ ለጥቂት ጊዜ አሰቡና ፈረዱ፤ በእጅ ከሆነ ሥራ አይደለም፣ ጨዋታ ነው። ስለዚህ የከተማው ልጅ ሁሉ በድንቹ መደብ ላይ በሆዱ ተኝቶ አፈሩን በጣቱ ይጭራል። ያ አፈር ጥቁርና ልስልስ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ የጠጣው ውሃ ገና አልወጣለትም። አንድ ድንች ባገኙ ቁጥር ወርቅ ያገኙ ይመስል ይጮኻሉ። እናቶች ስለ ልብሱ መጮህ የተውነው ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ይመስለኛል።

ዳማ የምትባል ፈረስ ነበረቻቸው። አዊ ላይ ፈረስ ያለው ሰው ስለ ፈረሱ ሲያወራ መስማት ነው፤ ስለ ልጁ እንዲያ አያወራም። ልጆቹ ኮርቻው ላይ ሲወጡ «ሂጂ! ሂጂ!» ይላሉ፤ ዳማ ጆሮዋንም አታንቀሳቅስ። «ይች ፈረስ አማርኛ አትሰማም» ይላሉ አያ እንየው በኩራት። ከዚያ በአዊኛ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ሹክ ይሏታል፤ ከሆነ ሕልም እንደ ነቃች ሁሉ ቀስ ብላ ትራመዳለች። ምን እንደሚሏት ብጠይቃቸው አልነገሩኝም። «የእኔና የእሷ ነው» አሉኝ። ከጉም ውስጥ ባዶ የሚመስል ኮርቻ ሲመጣ፣ ቀርቦ ሲታይ አንዲት ትንሽ ልጅ ጋማውን ጨብጣ ተጣብቃበት፣ የዳማ ኮቴ ድምፅ ደግሞ በእርጥቡ ሣር ላይ ጨርሶ የማይሰማ። እንዲህ ያለውን ነገር ነው ሕልም ነው ወይ የሚያሰኘኝ።

ከቤቱ ጀርባ የቀርከሃ ጫካ ነበረ። አያ እንየው በቀርከሃው መሀል ቀጫጭን መንገዶች ከፍተውበታል፤ ሄደው የሚገናኙ፣ ተመልሰው የሚለያዩ፣ አንዳንዱም የትም የማያደርስ። ልጆቹ «መጥፊያው» ይሉት ነበር። ገብተው ይጠፋሉ። መጀመሪያ ሳቅ ይሰማል፣ ከዚያ መጠራራት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ከአንዷ የልቅሶ ጅምር። እኛ እናቶች ልንገባ ስንነሳ እሳቸው በእጃቸው ያስቆሙናል። መውጫው ላይ ይቆሙና ይስላሉ። ብርድ የመታው ሰው ሳል አይደለም፤ ረጋ ያለ፣ እዚህ ነኝ የሚል ሳል። ልጆቹ ያን ሳል እየተከተሉ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ገብተው አንድም ልጅ አውጥተው አያውቁም።

ይህን ሁሉ ስናይ ያላስተዋልነው አንድ ነገር ነበር። የሰው ባቄላ ጥቅምት ሲጋመስ ጠቁሮ ይደርቃል። የአያ እንየው ማሳ ግን ኅዳር ገብቶም መሀሉ አረንጓዴ ነው። እኔ መሬቱ ይሆናል ብዬ ነበር። እውነቱን የነገረኝ ደምለው ነው። ሰውየው ማሳውን ከፋፍለው ይዘሩታል፤ ሲሶውን ከሰው እኩል፣ ሲሶውን ዘግይተው፣ የቀረውን ጎረቤት ሁሉ እየሳቀባቸው ክረምቱ ሊያበቃ ሲል። የመጨረሻው ፍሬው ሳይደርቅ ውርጭ ያገኘዋል፤ ለጎተራ አይሆንም። ለእሸት ብቻ ነው። ልጆቹ የሚመጡበት ቅዳሜ እንዲበዛ ብለው ነው።

ደምለው ይህን ሲነግረኝ እየተገረመ አልነበረም፤ እየተናደደ ነበር። ደንዳና፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው፤ ከእኛ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ወደ ከብቶቹ ይሄዳል። ያን ማሳ በበሬ የሚያርሰው እሱ ነው። አባትየው እንግዳ ሲቀበሉ ላቡ የወጣው የእሱ ነበር። በዙሪያቸው ያለው ገበሬ ሁሉ በእነዚያ ዓመታት መሬቱን ዲከረንስ ይተክልበት ጀምሮ ነበር፤ ቶሎ የሚያድግ፣ ከሰል የሚሆን ዛፍ ነው። የተከለ ሰው ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፣ ልጁን ከተማ ቤት ተከራይቶ አስተማረ። በየዓመቱ ስንመጣ ዛፉ በአንድ በኩል ቀርቦ፣ በሌላ በኩል ቀርቦ እናገኘዋለን። በመጨረሻ የአያ እንየው ማሳ በጨለማ ጫካ መሀል የተከፈተ መስኮት መሰለ።

አንድ ቅዳሜ ሜሮንን ፍለጋ ወደ ጅረቱ ስወርድ አባትና ልጅ ሲነጋገሩ ደረስኩ። አላዩኝም።

«አባቴ፣ በዚህ ሸለቆ ክፍት የቀረ የማን መሬት ነው? የእኛ ብቻ! ዙሪያው ጥላ ሆነ። የምንዘራው ለወፍ ነው።»

«ለወፍ አይዶለም።»

«ለከተማ ልጅ ነዋ!»

«እና?»

«እናማ የእኔ ልጆችስ? ትልቁ በሚመጣው ዓመት ቆሰበር ገብቶ ካልተማረ ምን ሊሆን ነው? እንደኔ የበሬ ጭራ ሊከተል ነው?»

ቁጡው ሰውዬ አልተቆጡም። «እውነትክን ነው» አሉት። «እኔ ቆሜ እስካለሁ ይኼን ማሳ አትንካብኝ። ከዚያ ወዲያ ያንተ ነው።»

ደምለው ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ክፉ አልነበረም። ልክ ነበረ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ልክነቱን አውቄዋለሁ። የእሱ ልጆች የሚማሩበትን መሬት ነው የእኔ ልጅ ስትጫወትበት የኖረችው። ወደ ላይ ስመለስ ሜሮን እሸት ይዛ ሮጣ መጣችብኝ፤ ተቀብዬ ሳልበላው መልሼ ሰጠኋት። ከዚህ ወዲያ አንምጣ ግን አላልኩም። ደስ ይለን ነበራ። ደስታ ደግሞ ሰውን ደንቆሮ ያደርጋል።

አንድ ዓመት ውርጩ ቀድሞ መጣ። እኛ ከተማ ቆርቆሮ ሥር ያለን ሰዎች ብርድ ልብስ ደረብን እንጂ ሌላ ነገር አላሰብንም። ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ልጆቻችንን ጭነን ሄድን። ከመንገድ ላይ ማሳው ጥቁር ሆኖ ታየኝ። ስንቀርብ ግን መሀል ላይ፣ ልክ አንድ ሰፊ ቤት የሚያህል ቦታ፣ ባቄላው አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። አያ እንየው ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ከወትሮው ይልቅ ይቸኩላሉ፣ ከወትሮው ይልቅ ያወራሉ። «ውርጩ መሀሉን ማረልኝ! ኑ፣ ኑ! ከዚህ ከአረንጓዴው እንዳትወጡ!» እያሉ ልጆቹን መርተው አስገቧቸው።

ሜሮን ከፍ ብላለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። አንድ እሸት ይዛ ጠበቅ አድርጋ ሳበች። እሸቱ አልተቀጠፈም፤ ግንዱ እንዳለ ተነቅሎ መጣ። ሥር የለውም። ጫፉ በማጭድ የተቆረጠ ነው።

አጠገቧ ስለነበርኩ ስታየው አየኋት። ግንዱን ገልብጣ አየች። ቀና ብላ አያ እንየውን አየች፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ለአንድ ሕፃን ይፈለፍሉለታል። ከዚያ ልጄ ጎንበስ አለች፣ ግንዱን በነበረበት ጉድጓድ መልሳ ተከለችው፣ ዙሪያውን በተረከዟ ጠቅጠቅ አደረገች። «ቀስ ብላችሁ ቅጠፉ፤ በሁለት እጃችሁ፤ እንዳትጎትቱ!» እያለች በትንንሾቹ መሀል ትዞር ጀመር። ያን ቀን ማንም ልጅ ምንም አላወቀም።

ደምለው ቀርከሃው ጥግ ቆሞ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«ከአዘና ገበያ ነው። እሸት ከነግንዱ በእስር በእስር ገዝተው በዳማ አስጭነው አመጡ። ዛሬ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስተው አንድ በአንድ ተከሉት። ቅዳሜ ነው እኮ ብላቸው ‹ብረት አልነካሁም፣ በጣቴ ነው› አሉኝ።»

ዞሬ በጥቁሩ ማሳ መሀል የቆመውን አረንጓዴ አየሁ።

«ያፈረ ቤተሰብ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ እቴ? ሰው እንዳያየን እየተገላመጥኩ ነው የዋልኩት። በመከር ባቄላ ገዝቶ የሚተክል ገበሬ! ቢያዩን እስከ ልጅ ልጃችን ይስቁብናል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻቸውን መጨረስ ሲያቅታቸው እኔንም አስተከሉኝ። ግማሹ የእኔ ነው።»

ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን፤ ግን የእሱ ሳቅ መጨረሻው ሳቅ አልነበረም። ፊቱን ወደ ቀርከሃው አዞረ፣ እኔም ሌላ ሌላውን ማየት ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ አያ እንየው ብዙ አልቆዩም። የመጨረሻውን መፀው ጋቢ ለብሰው ማሳው አፋፍ ላይ በርጩማ ተደርጎላቸው ነበር የሚውሉት። ዳማ አርጅታ ኮርቻ አይጫንባትም፤ አጠገባቸው ትግጣለች። እንግዳውም ሳስቷል። የአንዱ ልጅ አድጎ እሸት መብላት ያሳፍረዋል፣ አንዱ ቤተሰብ ተዛውሯል፣ አንዱ ስልኩን ይዞ ቤት መቅረት ይመርጣል። አያ እንየው ዓይናቸው ስለደከመ «ማን መጣ?» እያሉ ይጠይቁኛል። የመጡትን እነግራቸዋለሁ። ያልመጡትንም እየጨመርኩ ነገርኳቸው፤ ከእሳቸው የተማርኩት ውሸት ነው።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኋቸው። «አያ እንየው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንዲህ አደረጉ? እህልዎን አጥተው፣ ጎረቤት ስቆብዎት?»

ትልቅ ነገር የሚናገሩ መስሎኝ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«ደስ ስለሚለኝ ነዋ» አሉ። «ሌላ ምን ምክንያት አለው?» ከዚያ ጨመሩ። «ስሞት ደምለው ዛፉን ይተክለዋል። ይትከለው፤ የሱ ተራ ነው። ብቻ ልጄን እንዳትጠይሙብኝ። ያኔም ቢሆን ሰላም በሉት።»

ለቅሶ የሄድነው ደምለው በደወለ በማግሥቱ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ከአገሩ ሰው ጋር ተቀላቅለን ተቀመጥን። ከከተማ ከእኛ ሌላ ሁለት ቤተሰብ ብቻ ነው የመጣው። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ከፋኝ። ልንሄድ ስንል ደምለው በእጁ ጠራኝና ማሳው አፋፍ ላይ ይዞኝ ወጣ። ባቄላው ተነስቷል፤ መሬቱ ባዶ ነው። ሦስቱም ጎኑ ዲከረንስ ሆኖ የከሰዓቱ ጥላ እስከ እግራችን ድረስ ደርሷል።

«እቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ችግኝ የሚሰጠኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ክረምት ሲገባ ልተክለው ነው። ግን ሳልጠይቅሽ አላደርገውም ብዬ ነው። እሳቸው ከሌሉ ትመጣላችሁ?»

«እንመጣለን» ማለት ቀላል ነበር። ለቅሶ የደረሰ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ይህ ሰው የጠየቀኝ እንዲጽናና አይደለም፤ በእኔ ቃል ላይ የልጆቹን ዓመት ሊያስቀምጥበት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ባዶ የቀረውን ወንበር አሰብኩ። ያልመጡትን አሰብኩ።

«አላውቅም፣ ደምለው» አልኩት። «እኛ የወደድነው እርሻውን ይሁን እሳቸውን አላውቅም። እሳቸውን ይመስለኛል። በእኛ ተማምነህ ልጆችህን አትጉዳ።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተከፋብኝም። «እኔም እሳቸውን ነው» አለኝ። «እርሻውንማ መቼ ወድጄው አውቃለሁ!»

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ እስከ ከተማ አለቀስኩ። ባለቤቴ «እንመጣለን ብትዪው ምን ነበረበት?» ቢለኝ ጮህኩበት። ያን ክረምት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ በወረደ ቁጥር ደምለው በዚያ አፋፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ችግኝ ሲተክል ይታየኝ ነበር። አንዳንድ ሌሊት ማሳውን አልመዋለሁ፤ ገብቼ እሸት ልቀጥፍ ስል እጄ የሚያርፈው በዛፍ ግንድ ላይ ነው። የተናገርኩት እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ግን እንቅልፍ አልሰጠኝም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ደምለው ደወለ። ኔትወርኩ የዚያን ቀን ደህና ነበር፤ እሱ ግን ብዙ አላወራም። «ቅዳሜ ሜሮንን ይዘሻት ነይ» አለኝና ዘጋው።

ሜሮን ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ደርሷል። እሄዳለሁ ትላለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ ከእኔ በፊት ለብሳ ደጅ ቆመች። ባለቤቴም ሳይጠራ ተከተለን። መንገዱ ዳር ስንወርድ መጀመሪያ የታየኝ የማሳው የላይኛው ክፍል ነው። ችግኝ ተተክሎበታል። በመስመር በመስመር፣ ቅጠሉ ገና ለስላሳ፣ ከጉልበት ያልበለጠ። ምን ጠበቅሽ፣ አልኩ ለራሴ፣ አንቺ አይደለሽም ትከል ያልሽው?

ደምለው ከታች ጠራን። ችግኙን ዘልቀን ወረድን። ከመሀል ጀምሮ እስከ ጅረቱ ድረስ ባቄላ ነው። የደረሰ አለ፣ ያበበ አለ፣ ገና ከመሬት ብቅ ያለ አለ። እሸት የያዘውና ያልያዘው በየፊናው ቆሞ፣ አንዱ መደብ ጠቆር ብሎ፣ ሌላው ገና ለጋ ሆኖ። ደምለው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መሀል ላይ ቆሟል። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል፤ እንግዳ ተቀብሎ አያውቅማ።

«የመጣነው እኛ ብቻ ነን» አልኩት፤ ማፈሬን ከድምፄ መደበቅ አልቻልኩም።

«አውቃለሁ። እናንተንም አትመጡም ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

ወደ ላይ፣ ወደ ችግኙ ጠቆመ። «ያኛው የልጆቼ ነው። ማስተማር አለብኝ።» ከዚያ እጁን ወደ ባቄላው መለሰ። «ይኼ የአባቴ ነው» አለ።

አባቱ ከሞቱ ዓመት ሊሆናቸው ጥቂት ነው የቀረው። ክረምቱን ሙሉ በዝናብ አርሶ፣ ሦስት ጊዜ ዘርቶ፣ ማንም ላይመጣበት ይችል የነበረውን እሸት አድርሶ ቆሟል። እኔ ሰው ለሞተ አባቱ ተዝካር ሲያወጣ አይቻለሁ፣ ሐውልት ሲያቆም አይቻለሁ። ሲያርስለት ግን ከዚያ ቀን በፊት አላየሁም ነበር።